በሁለት ሸራ መካከል

ከልጃቸው የሚመጣውን ደብዳቤ ሐጃ ዘሃራ በቀን አንድ ገጽ ብቻ ነበር የሚያስነብቡት።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ከሆነ ሁለት ቀን፣ አራት ከሆነ አራት ቀን ይፈጃል። ያልተነበበው ትራሳቸው ሥር ያድራል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ሲዳብሱት የልጃቸው እጅ ያረፈበትን ቦታ የሚያገኙት ይመስላቸዋል። “ስልክ ነፋስ ነው” ይላሉ። “ሲዘጉት ይጠፋል። ወረቀት ግን አብሮ ያድራል።” የሚያስቅ ስስት ነው። ስስታቸው ምን እንደሚያስከትል ቢታወቅ ኖሮ ግን ማንም ባልሳቀ።

የምታነብላቸው የቤት ሠራተኛቸው ጦይባ ናት። ጦይባ የወሎዋ የሐይቅ ልጅ፣ ውኃ ዳር አድጋ ውኃ የምትፈራ፣ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች፣ ካርቱም ከገባች አራት ዓመት የሆናት የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነች። አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር ባለው በዚህ ነጭ ቤት ውስጥ ግዛቷ ወጥ ቤቱ ነው። ሳሎኑን ጠርጋ ትወጣለች እንጂ አትቀመጥበትም። ደብዳቤ በምታነብበት ምሽት ብቻ ምንጣፉ ጫፍ ላይ እንድታርፍ ይፈቀድላታል።

ሐጃ ዘሃራም ቢሆኑ ከዚያው ከወሎ፣ ከባቲ ነው የመጡት። ዛሬ ማን ያስታውሳል እንጂ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የዚህንኑ ቤት ወለል የሚወለውሉት እሳቸው ነበሩ። የቤቱ ጌታ አገቧቸውና እመቤት ሆኑ። ባላቸው ሲሞቱ ቤቱና አንድ ልጃቸው ሙስዐብ ቀሩላቸው። ስለዚህ ወጣት ሠራተኛና ወጣት ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ምን እንደሚከተል ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጦይባ በተቀጠረች ሳምንት፣ “እኔ በገባሁበት በር ሁለተኛ ሰው አይገባበትም” አሏት። “ልጄ ለአጎቱ ልጅ የታሰበ ነው። ሰማሽ?”

ሰማች። ጆሮዋ ሰማ። ልቧን ማን ጠየቀው?

ሙስዐብ ሆላንድ አገር የውኃ ምህንድስና ይማራል። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት የመጣ ጊዜ ወጥ ቤት ገብቶ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ “ፊደል አስተምሪኝ” አላት። አማርኛ ከእናቱ አፍ የለቀመው እንጂ የተማረው አልነበረም። “ምን ያደርግልሃል?” ብትለው፣ “ለኡሚ፣ ለእናቴ፣ በአማርኛ ደብዳቤ ልጽፍላት” አለ። ሰባቱን ቤት በአርባ ቀን ጨረሰ። ጦይባ ነገሩ የገባት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። በዓረብኛ ቢጽፍ የሚያነበው ከጎረቤት ያለው አጎቱ ነው። በአማርኛ ሲጽፍ ግን በዚያ ቤት ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ነች።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ፣ በመስመሮቹ መሐል ትንሽ ሦስት ማዕዘን ተሥላ አገኘች። ሸራ ነች፤ የጀልባ ሸራ። ከሸራዋ ቀጥሎ፣ “ጦይባ፣ ይህን ለራስሽ” ይላል። ሌላ ሸራ እስኪመጣ ድረስ ያለው ሁሉ የሷ ነበር። አፏን ዘግታ በዓይኗ አነበበችው፤ ሁለተኛዋ ሸራ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን መልሳ፣ “ኡሚ፣ እዚህ ብርዱ አይጣል ነው…” አለች። እንዲህ እየዘለለች ዓመት ሊሞላት ነው።

*

ያ ረመዳን የ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የዋለው ነው። የካርቱም ሕዝብ የሠላሳ ዓመቱን መንግሥት ጥሎ፣ ሥልጣኑን ለሲቪል ስጡ ብሎ ከጦር ሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሁሉም ስፍራውን “ቅያዳ” ይለዋል። ቀን ይዘፈናል፤ ማታ በሺሕ የሚቆጠር ሰው አንድ ላይ ያፈጥራል። ሐጃ ዘሃራ የሰው እናት ናቸውና ሳምቡሳ ጠብሰው ይልካሉ፤ ቀጥለውም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ “ልጄን ከዚህ ያራቅኸው ጌታ ምስጋና ይግባህ” ይላሉ።

አዲሱ ደብዳቤ የደረሰው ረመዳን በገባ በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ዓርብ ነው። ከሆላንድ ያመጣው መንገደኛ ካይሮ ላይ አሥር ቀን ተቀምጦ ስለነበር ፖስታው ተጨማድዷል። አራት ገጽ ነበር። ከመግሪብ በኋላ ሐጃ የረመዳን መጠጣቸውን፣ ሑሉ ሙሩን፣ ጠጥተው፣ ተደላድለው፣ አንደኛውን ገጽ ብቻ ዘረጉላት።

“ያላ፣ አንብቢልኝ።”

“ኡሚ፣ ሰላም ነሽ? እኔ አሁን መርከብ ላይ ነኝ። አትደንግጪ። የትምህርት ቤቱ ልጆች አሥራ ስድስት ሆነን ነው። መርከቡ አሮጌ ነው፤ ዱሮ ድንች ይጭን ነበር፣ አሁን ተማሪ ይጭናል። ሆዱ ጠፍጣፋ ነው። ሸራው ቡናማ ነው፣ ለመስቀል ስምንት ሰው ገመድ ይጎትታል። ካፒቴኗ ሴት ናት፤ ዊልማ ትባላለች። ልክ እንዳንቺ ትቆጣለች። መጀመሪያ ቀን እኔ ሌላ ገመድ ጎትቼ ሸራው መውጣቱን ትቶ አንድ ጀርመናዊ ልጅ ራስ ላይ ወረደ።”

ሐጃ እስኪያስላቸው ሳቁ። “አባቱን መሰለ! አባቱም እንዲሁ እጁ አይታዘዝለትም ነበር።”

“ጾሜን ይዣለሁ ኡሚ፣ ዋላሂ። ግን እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። እነሱ ቀን ሲበሉ እኔ የመርከቡ አፍንጫ ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። ውኃው ሲንጠኝ ባዶ ሆዴ ይገለበጣል። ካፒቴኗ ሾርባዬን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እስኪመሽ ታቆይልኛለች።”

እዚህ ላይ ሸራዋ መጣች። ጦይባ ዝም አለች።

“ጦይባ፣ ይህን ለራስሽ። እዚህ ነፋስ ሲመጣ አይታይም። የሚታየው ውኃው ሲጠቁር ነው። ካፒቴኗ፣ ጥቁሩን እያየህ ተዘጋጅ ትላለች። አንቺ ኡሚ ስትገባ ፊትሽ እንደዚያ ይሆን ነበር። ስሚኝ፣ አራተኛውን ገጽ ከሁሉ በፊት አንብቢው። ብቻሽን። አደራ።”

ቀና ብላ ሐጃን አየች። ሦስቱ ወረቀቶች ትራሱ ሥር ነበሩ።

“ሐጃ፣ ዛሬ ቀጥዬ ሁሉንም ላንብብልዎ?” አለች።

“ምን አስቸኮለሽ? ካለቀብኝ በኋላ ምን ልታነቢልኝ ነው? ኸላስ፣ ለዛሬ ይበቃል።”

ከዚያ በላይ ብትጠይቅ ሐጃ ለምን ይሏታል። ትራሱን አንስታ ብትሰርቅስ? ፓስፖርቷ እንኳ በሳቸው ሣጥን ነው ያለው፤ አንዴ ከተጠራጠሩ አውጥተው ይሰጧትና በሩን ያሳዩዋታል። ሦስት ቀን ምንም አይደለም ብላ ራሷን አባበለች። የፈራ ሰው ቀን መቁጠር ይወዳል።

*

ቅዳሜ ሁለተኛው ገጽ ሆነ። መርከቡ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ሲሻገር በግድብ ውስጥ ባለ በር ያልፋል። ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ውኃው ከሥሩ ዝቅ ይላል፣ ከፊት ሌላ በር ይከፈታል። ሙስዐብ፣ “ሁለቱም በር ተዘግቶ ሳለ ግድግዳው ከፍ ከፍ ሲል ጉድጓድ የምንገባ መስሎኝ ሸሃዳ መድገም ያዝኩ” ብሎ ጽፏል። ሐጃ በዚህ አልሳቁም። ቀጥላ ሸራዋ መጣች።

“ጦይባ፣ ኡሚ አትስማ፤ እጄ ተቃጥሏል። ገመዱን መዳፌ ላይ ጠምጥሜ ያዝኩት። ይህን የሚያደርገው ጀማሪ ብቻ ነው አሉኝ። ነፋሱ ሸራውን ሲመታው ገመዱ ሮጠ። ሁለቱንም መዳፌን በአግድም ላጠው፣ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ ትንሿ ጣት። ካፒቴኗ ቅባት ቀባችኝና የራሷን መዳፍ ከፍታ አሳየችኝ። አንድ ዓይነት ነው። ጠባሳው አይጠፋም አለችኝ። ደስ አለኝ። ስመጣ እጅሽን ስይዝ ታውቂዋለሽ።”

ጦይባ ሳታስበው የራሷን መዳፍ ጨበጠች።

“ወረቀቱ ረጅም፣ ንባቡ አጭር” አሉ ሐጃ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። “ይቺስ ምንድን ነች? ይቺ ሦስት ማዕዘን?”

“የመርከቡ ሥዕል ነው ሐጃ። ጽሑፉ ደግሞ ትልልቅ ስለሆነ ነው ቶሎ የሚያልቀው።”

“እንዲያ ነው?” አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ይላል ያገሬ ሰው።

እሑድ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ አቧራ ለብሶ ዋለ። የቤቱ ዘበኛ ጀምበሬ፣ የአርማጭሆ ሰው ነው፣ ለማፍጠሪያ ውኃውን ሊወስድ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። “ጦይባ እህቴ፣ ከዐሱር ሶላት ጀምሮ ድልድዩን የሚሻገረው ፒክአፕ ዓይነቱ አላማረኝም” አላት። “የጫነው ሁሉ ዱላና ጠመንጃ ነው። ነገ ከግቢ እንዳትወጪ፤ ኢቃማሽም፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ጊዜው አልፏል።”

የዚያን ምሽት ሦስተኛው ገጽ ተዘረጋ።

“ኡሚ፣ ዛሬ ባሕሩ ሄደ። ዋላሂ ሄደ። ጠዋት የነበረው ውኃ እኩለ ቀን ላይ የለም። መርከባችን ጭቃ ላይ ተቀመጠ፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ አይወድቅም። መሰላል አውርደን የባሕሩ ወለል ላይ በእግራችን ሄድን። ልጆቹ ኳስ ተጫወቱ፣ ዘፈኑ። ካፒቴኗ ግን ሰዓቷን እያየች፣ አትራቁ ትላለች። ውኃው ሲመለስ ድምፅ የለውም። አንቺ ከፊት ሲመጣ ትጠብቂያለሽ፤ እሱ ግን በቦዩ ዞሮ ከኋላሽ ነው የሚመጣው። ሲዘፍኑ ያልሰሙ ሰዎች ጠፍተዋል አለች።”

“አዑዙ ቢላህ!” ሐጃ ዘሃራ ደረታቸውን ያዙ። “ከኋላ ነው የሚመጣው?”

“ከኋላ ነው ይላል።”

“እና እዚያ ላይ ይዘፍናሉ?”

ከሩቅ፣ ከቅያዳ በኩል፣ የከበሮ ድምፅ በነፋስ እየመጣ ይሄድ ነበር። ጦይባ ሸራዋ ጋ ደርሳ ዝም አለች።

“ጦይባ፣ ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ተለማመድን። ካፒቴኗ ብርቱካናማ ኳስ ወረወረች። ሁሉም ሥራ አለው፤ መሪ የሚይዝ፣ ሸራ የሚያወርድ። እኔን፣ አንተ ጀማሪ ነህ፣ ምንም አትሥራ፣ ጣትህን ወደ ኳሱ ቀስር፣ ዓይንህን አትንቀል አለችኝ። ንቄው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ገመድ ላግዝ ብዬ ዞር አልኩ፤ ስመለስ ኳሱ የለም። ባሕሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ካፒቴኗ አልተቆጣችም። ‘ሰው ቢሆን ኖሮ ሞቶ ነበር’ አለች፣ ቀስ ብላ። መርከብ ስትዞር ሰውየውን የሚያውቀው የቀሳሪው ጣት ብቻ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ክንዴ እስኪደነዝዝ አልነቀልኩም። ጦይባ፣ እኔ ብወድቅ ቀሳሪዬ አንቺ ነሽ።”

ሐጃ ወረቀቱን ተቀብለው አጣጥፈው ከትራሱ ሥር ሲያስገቡ፣ አራተኛውን ገጽ በዓይኗ ተከተለችው።

*

ሰኞ ንጋት ላይ፣ ስሑሩ ተበልቶ ሱብሒ እንደተሰገደ፣ ተኩስ ተሰማ።

መጀመሪያ አንድ ሁለት እያለ ነበር፤ ከዚያ መቆሚያ አጣ። ጀምበሬ ከጣሪያ ላይ ወርዶ፣ “ቅያዳ ነው። ድንኳኑ እየነደደ ነው፤ ጭሱ ይታያል” አለ። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። በመንገዱ ላይ ጫማ የሌላቸው ልጆች ሲሮጡ ታዩ፤ አንዱ ሸሚዙን አውልቆ ክንዱን አስሮበታል። ኢንተርኔቱ ጠፋ። ቀጥሎ ስልኩም እየተቆራረጠ ዝም አለ።

ሐጃ ዘሃራ ሳሎኑ መሐል ቆመው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። “አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። የሰው ልጅ እያለቀ እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ ግን ልጄ ውኃ ላይ ነው። ልጄ ሩቅ ነው።” ከዚያ ድንገት ወደ መኝታ ቤት ገብተው፣ አራተኛውን ገጽ ይዘው ወጡ። ማታ መጠበቅ አልቻሉም። “ነይ፣ አንብቢልኝ። ድምፁን ልስማና ልቤ ይመለስልኝ።”

ጦይባ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ኡሚ፣ ነገ ወደብ እንገባለን። አሁን ሸራ መስቀልም ማውረድም እችላለሁ። ለዒድ የምትጋግሪውን ካዕክ ሁሉንም እንዳትጨርሺ፣ ለእኔም አስቀሪልኝ…”

“ለእሱም? ምን ማለቱ ነው?” ሐጃ ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ሸራዋ መጣች። ጦይባ አፏን ዘጋች፤ ዓይኗ ቀጠለ። ሁለት መስመር እንዳነበበች ወደ በሩ ቀና አለች።

ተኩሱ ይሰማል። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ሐጃ ዘሃራ መጥተው ከአጠገቧ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ከጎኗ ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

“ዝም አልሽ” አሉ።

“ሐጃ…”

“እዚህች ሸራ ጋ ስትደርሺ ሁልጊዜ ዝም ትያለሽ። አፍሽ ይቆማል፣ ዓይንሽ ግን ይሄዳል። ማንበብ አልችልም እንጂ ማየት እችላለሁ ልጄ። ዓመት ሙሉ አየሁ። ደብዳቤው እንዳይቀርብኝ ብዬ ዝም አልኩ።” ጣታቸውን ሦስት ማዕዘኗ ላይ አሳረፉ። ጣቱ ወፍራምና የሠራ ጣት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እመቤትነት አላለሰለሰውም። “ከዚህ ጀምሪ።”

መዋሸት ትችል ነበር። የፈለገችውን ፈጥራ ብታነብ ማን ያውቅባታል? ሥራዋ፣ ፓስፖርቷ፣ ወጥ ቤቱ፣ ዓመት ሙሉ በሁለት ሸራ መካከል ደብቃ የኖረችው ሕይወቷ ሁሉ እዚያች አፏ ላይ ነበር። ግን ያ ተኩስ! እያንዳንዱ ተኩስ፣ አንብቢ ይላት ነበር።

“ጦይባ፣ ይህን ለራስሽ” አለች ጮክ ብላ። “ፍቅሬ፣ እየመጣሁ ነው።”

የሐጃ ጣት አልተነሳም።

“ትኬት ቆርጫለሁ። እሑድ፣ በሃያ ስምንት ረመዳን ካርቱም እገባለሁ። ለኡሚ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ሳልደርስ የአጎቴን ልጅ ቤት ታስጌጣለች። የመጀመሪያዋን ሌሊት ከጓደኞቼ ጋር ቅያዳ አድራለሁ። አገሬ ስትለወጥ በስልክ ብቻ አይቼ ለልጆቻችን ምን እነግራቸዋለሁ? ሰኞ ጠዋት ቤት እመጣለሁ። በወጥ ቤቱ አይደለም፣ በትልቁ በር ነው የምገባው። እጅሽን ይዤ ኡሚ ፊት እቆማለሁ፤ እሷም አንድ ቀን እዚያው ቦታ ቆማ ነበር፣ ትረዳኛለች። እስከዚያ ዓይንሽን ከበሩ ላይ አትንቀዪ።”

“ሰኞ” አሉ ሐጃ ዘሃራ።

“አዎ።”

“ሰኞ እኮ ዛሬ ነው።”

“አዎ ሐጃ።”

ጥፊ የምትጠብቀው ጦይባ ጉንጯን አዘጋጅታ አንገቷን ደፋች። ሐጃ ግን እጃቸውን ያነሡት ወደራሳቸው ጭንቅላት ነበር። “አራት ቀን ትራሴ ሥር! ራሴን ጭኜበት ተኛሁ! ልጄ እየመጣሁ ነው እያለ፣ እኔ እንዳያልቅብኝ ብዬ…”

“እኔም ነኝ!” ጦይባ ፈነዳች። “አንደኛው ገጽ ላይ አራተኛውን ቶሎ አንብቢው ብሎኛል። አደራ ብሎኛል። እርስዎን ፈርቼ፣ ለራሴ ፈርቼ ዝም አልኩ። ይምቱኝ ሐጃ፣ ግን አሁን እንሂድ!”

ተያዩ። ዓመት ሙሉ አንዷ ሌላዋን እንደ ሌባ ስትጠብቅ የኖሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አሁን የሁለቱም ሀብት አንድ ቦታ፣ እሳቱ መሐል ወድቋል። የሚቆጡበት ጊዜ እንኳ አልነበራቸውም።

ሐጃ ተነሥተው ቁምሣጥናቸውን ከፈቱ። የሱዳን ሴት የምትጠመጠመውን ነጩን ቶብ ነክተው ተዉት፤ “ነጭ የለበሰችን ዛሬ ይመታሉ፤ የሰልፈኞቹ ልብስ ሆኗል” ብለው፣ ቡናማውን ጎትተው ዘረጉት። አራት ሜትር ተኩል ጨርቅ ክፍሉን ሞላው።

“ሐጃ፣ ይህ ያገባች ሴት ልብስ ነው” አለች ጦይባ፣ ወደኋላ እያለች።

“የማን ልብስ እንደሆነ አንቺ ልትነግሪኝ ነው? ክንድሽን አንሺ።”

ስንት ጊዜ አልማው ነበር! የሙስዐብ እናት ቶብ ሲያለብሷት፣ እልልታው፣ ሒናው። የፈለጉት ነገር እንዲህ ባለ ቀን ሲመጣ ከመርገም የሚለየው በምንድን ነው? የሐጃ እጆች ወገቧ ላይ ሲዞሩ ተሰማት።

*

ጀምበሬ ግቢውን ይዞ ቀረ። እነሱ በእግር ወጡ፤ መኪና በድንጋይና በጎማ በተዘጋው መንገድ አይሄድም። አንድ ማዕዘን ላይ ወታደሮች አስቆሟቸው። አንደኛው፣ ዱላውን በጦይባ አገጭ ሥር አድርጎ ቀና አደረጋት። “ሐበሽያ?” አለ። ሐጃ ዘሃራ ካርቱሞች በሚናገሩት ዓረብኛ፣ ዓይናቸው ሳይርገበገብ፣ “የቤቴ ሰው ናት። ልጄ ታሟል፣ መንገድ ልቀቅ” አሉት። ቶቡን አየ፤ ለቀቃቸው።

የመጀመሪያው ሆስፒታል በሩ በወታደር ታጥሯል። ሁለተኛው፣ አልጋ የለም፣ ስምም የለም አላቸው። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በብረት በሩ ፊት እናቶች ተደራርበዋል። በአጥሩ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተለጥፏል፤ የገቡት ቁስለኞች ዝርዝር ነው። ነፋስ እያነሣ ያማታዋል።

ሐጃ ዘሃራ ጦይባን በክርናቸው እየገፉ ወረቀቱ ፊት አቆሟት። ዓረብኛውን በልጅነቷ ቁርኣን ቤት ነው የለየችው፤ ቀስ እያለች ታነባለች።

“ምንም ሳታስቀሪ አንብቢልኝ” አሏት። “በአላህ ይሁንብሽ፣ አንድም ሳታስቀሪ።”

አነበበች። የሰው ልጅ ስም እንደዚያ ሲከብድ አይታ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ስም። አንድ ሙስዐብ ነበረ፤ የሐጃ ጥፍር ክንዷን ወጋት፤ የአባቱ ስም ግን ሌላ ሆነ። ከስሞቹ ሥር፣ ስማቸው ያልታወቀ የሚል አለ። “አንደኛ፣ ሽማግሌ፣ ሽበታም። ሁለተኛ፣ ወጣት፣ አጭር፣ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ። ሦስተኛ፣ ወጣት፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ራሱን የሳተ፣ ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለ። በሁለቱም መዳፉ ላይ በአግድም የዳነ የቃጠሎ ጠባሳ ያለው።”

“አይደለም” አሉ ሐጃ ዘሃራ። እንባቸው መጣ። “የኔ ልጅ እጁ ንጹሕ ነው፤ እኔ የማላውቀው ጠባሳ የለበትም። ነይ፣ ወደ ሌላው እንሂድ።” ዞሩ፣ አንድ እርምጃም ሄዱ።

ጦይባ አልተንቀሳቀሰችም። ጣቷን ቀስራ ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፈች።

“ሐጃ፣ እሱ ነው።”

“ምን?”

“ገጽ ሁለት ላይ ነው። ያላነበብኩልዎ።” ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል በቃሏ አወረደችው። “‘ኡሚ አትስማ፤ እጄ ተቃጥሏል። ሁለቱንም መዳፌን በአግድም ላጠው፣ ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ ትንሿ ጣት።’ ሐጃ፣ ጠባሳው እንደማይጠፋም ጽፏል። ደስ አለኝ ብሏል።”

ሐጃ የሄዱትን እርምጃ ተመለሱ። ከዚያ የሐጃ እጅ ትከሻዋ ላይ መጣ፤ ሞቃትና ከባድ።

“ጣትሽን እንዳታነሺ” አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። “ሰዉ ቢገፋሽም እንዳታነሺ። እኔ ልጥራቸው።”

ሄዱ። ሰዎች ገፏት። አንዲት ሴት የልጇን ስም እየፈለገች በክንዷ ሥር ሾለከች። ነፋሱ ወረቀቱን ሊገነጥለው ሲታገል በጣቷ አጥሩ ላይ ተጭና ያዘችው። ክንዷ መደንዘዝ ጀመረ። ሰው ቢሆን ኖሮ ሞቶ ነበር ብላለች ካፒቴኗ፤ ኳሱ የጠፋው እሱ ዞር ባለ ጊዜ ነው። ጦይባ ዓይኗን እንኳ ማርገብገብ ፈራች።

በሩ ዘንድ የሐጃን ጩኸት ሰማች። “ሦስተኛው! ስም የለውም ያላችሁት! ስም አለው፣ ሙስዐብ ነው ስሙ!”

“አንቺ ማን ነሽ ለሱ?” አለ የዘበኛው ድምፅ።

“እናቱ!”

“ያቺስ? አጥሩ ላይ የቆመችው ሐበሽያ?”



“ሚስቱ ናት” አሉ ሐጃ ዘሃራ፣ እናቶቹ ሁሉ እስኪሰሙ ጮኸው። “ቶቡን አታይም እንዴ? በሩን ክፈት፣ ባሏ ውስጥ ነው!”

እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። በዚያች ቅጽበት ዞራ የሐጃን ፊት ማየት ከምንም ነገር በላይ ፈለገች። ከኋላዋ የብረቱ በር ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ሰማች። ጣቷ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር፤ ዓይኗንም አልነቀለችም።